ገና እየጎተተ ነው

ካፒቴን መላኩ ማረፋቸውን የሰማሁት ጅቡቲ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ቆሜ፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣውን የአክስቴን ልጅ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ሆስፒታል የምትሠራ ጎረቤታችን ናት።

«ሰብለ፣ ሽማግሌሽ ጠዋት ዐረፉ» አለችኝ። «አስከሬናቸውን የሚረከብ ዘመድ አላቸው?»

«የላቸውም» አልኳት። «እኔ እመጣለሁ።»

ባቡሩ ገባ። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ሙቀቱ ወጣ። የአክስቴ ልጅ አቅፋ ከሳመችኝ በኋላ ፊቴን አየት አደረገችና «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ዘመዴ አይደሉም፤ አለቃዬም አልነበሩም። አንድ መሥሪያ ቤት አብረን የሠራን ሰዎች ነን፣ በቃ። ግን አንድ ጠዋት ከእሳቸው ጋር ሆኜ የሰማሁትን ነገር በሕይወቴ ከማንም ጋር አልሰማሁም።

እኔ እዚሁ ጅቡቲ ነው የተወለድኩት። አያቴ በድሮው ባቡር ዘመን ለሥራ መጥቶ በዚያው ቀረ። ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም ከሰፈር ስለለቀምኩ አንድ አነስተኛ የጭነት አውሮፕላን ድርጅት ቀጠረኝ። ድርጅቱ ያረጁ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩት፤ በባሕሩ ዳር ወዳሉት ከተሞች ዕቃ፣ አንዳንዴም ጥቂት መንገደኛ ያመላልሳሉ። የእኔ ሥራ የጭነቱን ክብደት መደመርና የአብራሪዎቹን ንግግር በሬዲዮ መከታተል ነበር።

ካፒቴን መላኩ ከአብራሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግረው ከመጡት ናቸው። ወታደር ነበሩ ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «ያኔ ብዙ ጸጉር ነበረኝ» ብለው ያልፉታል። የከተማው ሰው በፈረንሳይኛ «ኮማንዳን» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ላይ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ወደ አውሮፕላኑ ከመግባታቸው በፊት እናት የልጇን ግንባር ለትኩሳት እንደምትነካው የሞተሩን ሽፋን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል።

ቢሮ ሲቀመጡም መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ «ሰብለ፣ ጀነሬተሩን የሚያይ ሰው ጥሪ» አሉኝ።

«ምን ሆነ ጋሼ? እየሠራ ነው እኮ።»

«እየሠራ ነው። ግን ደስ አላለውም።»

ሳቅሁባቸው። ከምሳ በኋላ ጀነሬተሩ ተንተፋትፎ ቆመ፤ በዚያ የሐምሌ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ ስንቀቀል ዋልን። እሳቸው ሸሚዛቸውን ገልበው በአሮጌ ጋዜጣ ደረታቸውን ያራግቡ ነበር።

እንዲህ ስል ሕግ የሚንቁ ሰው እንዳይመስላችሁ። የአውሮፕላኑን መመሪያ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። አዲስ ረዳት አብራሪ ሲመጣ አጠገባቸው አስቀምጠው ገጽ በገጽ ያስነብቡታል፤ የተሳሳተ ቃል ካለ አቁመው ያስደግሙታል። ሲጨርሱ ግን መጽሐፉን ይከድኑና «እንግዲህ ይህን ዕወቅ፤ መጽሐፍ ቀኑን አያውቅም» ይሉታል።

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ በነፈሰበት አንድ ቀን ጭነቱን ደምሬ ሰጠኋቸው። ከተፈቀደው በታች ነው። እሳቸው ወጥተው ነፋሱ ውስጥ ቆዩና «ጥቂት ጆንያ ሽንኩርት ይውረድ» አሉ። ሥራ አስኪያጃችን ከማቀዝቀዣው ሥር ተነሥቶ እየተናደደ ወጣ።

«በመጽሐፉ ይፈቀዳል፣ ኮማንዳን!»

«መጽሐፉ ይፈቅዳል» አሉ ጋሼ። «ዛሬ አይፈቅድም።»

ሽንኩርቱ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ቂም የያዘባቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመስለኛል።

ረዳታቸው ሮብሌ የሚባል የዚሁ ከተማ ልጅ ነበር። ሮብሌ በሶማልኛ ባለዝናቡ እንደማለት ነው፤ ዝናብ በማይታወቅበት ከተማ በዘነበ ቀን ስለተወለደ እናቱ ያወጡለት ስም ነው። እናቱ ሐዋ ባላቸው ከሞተ በኋላ ካርቲየ ስድስት በሚባለው ሰፈር ጨርቅ እየሸጡ ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ልጅ። ሮብሌ ጋሼን ይወዳቸዋል ማለት አይገልጸውም። ሞተሩን በእጁ ጀርባ መንካት ጀመረ። ቀጥ ያለ ጎረምሳ የነበረው ጎበጥ ብሎ መራመድ አመጣ። እኛ ስንስቅበት እሱም ይስቃል፤ ማግስቱን ያው ነው።

ነገሩ የመጣው እሳት በሚመስለው የሙቀት ወራት ነው። አውሮፕላኑ ጭነቱ ሙሉ ነበር፤ ከኋላ ነጋዴ ሴቶች ተሳፍረዋል። ተነሥተው የመንደርደሪያውን ጫፍ እንዳለፉ፣ ከሥራቸው ባሕር ብቻ ሳለ፣ የቀኙ ሞተር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የዘይቱ ግፊትም ወረደ። መመሪያው እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ ይላል። ሮብሌ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ጋሼ እጁን ያዙት።

«ተወው። ገና እየጎተተ ነው።»

ያ አውሮፕላን በዚያ ሙቀትና በዚያ ጭነት በአንድ ሞተር አየር ላይ መቆየት አይችልም ነበር። ጋሼ የታመመውን ሞተር እያባበሉ፣ ክንፉን ብዙ ሳያዘነብሉ፣ ባሕሩ ላይ ሰፊ ዙር ዞሩ። መንደርደሪያው ፊታቸው ሲመጣና በቃን ሲሉ ያኔ አጠፉት። በሰላም አረፉ። ከመንገደኞቹ አንዷ ለምን ተመለስን፣ ገበያዬ ቀረብኝ ብላ ስትጮህ ቢሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ሮብሌ አውሮፕላኑ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ቀረ።

ሞተሩ ከውስጥ ተፋጭቶ አለቀ፤ የሚጠገን አልሆነም። ሥራ አስኪያጁ አጣሪዎች አስመጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ጥያቄውን ከጠረጴዛዬ እሰማለሁ።

«መመሪያው አጥፋ ይላል። ለምን አላጠፉም?»

«ባጠፋው ኖሮ ዛሬ የምትጠይቁት ሰው አታገኙም ነበር።»

«ይህን በምን ዐወቁ?»

«ዐወቅሁ» አሉ ጋሼ።

ሮብሌ ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ ብሆን አጠፋው ነበር፤ እናቴም ዛሬ ለቅሶ ላይ ትሆን ነበር» አለ። ምስክርነቱ ግን ጋሼን አልረዳቸውም። ሕግ ጥሰዋል ተብሎ ከመብረር ታገዱና ቢሮ ተቀምጠው ረዳት አብራሪዎችን ማስተማር ሥራቸው ሆነ። መብረር የተከለከለ ሰው መብረር እንዲያስተምር መደረጉ ለማንም እንግዳ አልመሰለም።

በከተማው ግን ስማቸው ገነነ። ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል በረንዳ ላይ ዓርብ ከሰዓት ሐበሻውም ጅቡቲያዊውም ይሰበሰባል። ታሪኩን ይንገሩን ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይነግራሉ። ሲነገር ሲነገር ታሪኩ እየጠራ መጣ። መጀመሪያ አካባቢ «ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር»፣ «እግሬ መርገጫው ላይ አልቆም አለኝ» ይሉ ነበር። እያደር ይሄ ሁሉ ወጣና ሞተሩን ያዳመጠ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ሮብሌ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ አብሯቸው የነበረው ሰው ራሱ፣ አዲስ ነገር እንደሚሰማ አፋቸውን ያያል።

የሙቀቱ ወራት አልፎ አየሩ ሲቀዘቅዝ ሮብሌ ዋና አብራሪ ሆነ። የጋሼን ወንበር ተቀመጠ። ከመጀመሪያው በረራ ሲመለስ ጋሼ ሜዳው ድረስ ሄደው ትከሻውን መታ አደረጉት፤ እሳቸው ሲስቁ ያየሁበት የመጨረሻው ቀን መሰለኝ።

ቢሮአችን ውስጥ አብራሪዎቹ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር የሚነጋገሩትን የምንሰማበት ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። የምንሰማባት እንጂ የምንናገርባት አይደለችም። አንድ የጥር ጠዋት ሮብሌ ቀላል ጭነት ይዞ፣ ያለ መንገደኛ፣ ከአንድ አዲስ ረዳት ጋር ተነሣ። ጋሼ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጠው ለትምህርት የሚሆን ሥዕል ይሥላሉ። ሮብሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማማው ሲናገር ሁለታችንም ቀና አልን። የግራው ሞተር የእሳት ማስጠንቀቂያ መብራት በርቷል፤ እመለሳለሁ አለ። ማማው ሞተሩን አጥፍተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አላጠፋሁም» አለ ሮብሌ በፈረንሳይኛ። «ገና እየጎተተ ነው።»

ጋሼ ወንበሩን ገልብጠው ተነሡ። ሬዲዮዋን በሁለት እጃቸው ያዟት።

«አጥፋው!» አሉ። «ሮብሌ፣ አጥፋው! የኔ ልጅ፣ እሱ አይደለም፣ ያኛው ሌላ ነው፣ አጥፋው!»

«ጋሼ፣ አይሰማዎትም» አልኳቸው። ያውቃሉ። ከኔ በላይ ያውቃሉ። ግን መናገራቸውን አላቆሙም፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በፈረንሳይኛ። በመሐል የሮብሌ ድምፅ አንድ ጊዜ መጣ። የሶማልኛ ቃል ነው። «ሆዮ» አለ፤ እናቴ ማለት ነው። ከዚያ ማማው ደጋግሞ ሲጠራው ብቻ ነበር የሚሰማው።

ጋሼ ሬዲዮዋን ጠረጴዛው ላይ መልሰው በቀስታ አስቀመጧት። «ይህቺን ቃል ለእናቱ እንዳትነግሪ» አሉኝ። ማማው ላይ የነበሩትም ሰምተዋታል፤ ማንም አንሥቷት አያውቅም።

ረዳቱን ዓሣ አጥማጆች በሕይወት አወጡት። የሮብሌን አስከሬን ባሕሩ ቆይቶ ነው የመለሰው። ረዳቱ ሲያገግም እንደነገረን፣ የእሳቱ መብራት ሲበራ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰዶ ነበር፤ ሮብሌ ያዘውና ተወው አለው። ከፍታ ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ፈልጎ ነበር። በዚያ ጥቂት ጊዜ እሳቱ ክንፉን በላው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጭነቱ ቀላል ስለነበር አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር ያለ ችግር ዞሮ ማረፍ ይችል ነበር። መጽሐፉ እንዳለው ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ሮብሌ በሕይወት ይኖር ነበር።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ መሬት መሬቱን እያዩ «እኔ ያደረግሁትን አደረገ» አሉ። «እኔ ያየሁትን ግን አላየም። የኔው ታሞ ነበር፤ የሱ እየነደደ ነበር። ሌላው ሕግ ሁሉ ቀርቶ የኔን አንድ ቀን ሕግ አደረጋት።»

አጣሪዎቹ እንደገና መጡ። አሁን ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህን ልጅ ይህን ነገር ማን አስተማረው? ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ያጎነበስኩ ይመስለኛል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «ሌላ ሰው አትፈልጉ።»

ድርጅቱ እፎይ አለ። የጋሼ ፈቃድ ለዘለቄታው ተሰረዘ፤ ከሥራም ወጡ። ዕቃቸውን ሊወስዱ በመጡ ዕለት ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ከተነሡ በኋላ ማናቸውም የሞተር ችግር ሲያጋጥም፣ ያለ ምንም ማመንታት፣ ሞተሩ ወዲያውኑ እንዲጠፋ ያዛል። ቆመው አነበቡት።

«ይህም አንድ ቀን ሰው ይበላል» አሉ። ንዴት የለበትም አነጋገራቸው።

«ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ ጋሼ?»

«አላውቅም ሰብለ።»

ስለ አውሮፕላን ተጠይቀው ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የራስ ዲካው በረንዳ ጭር አለ። መጀመሪያ ላይ ወጣት አብራሪዎች እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር፤ ኮማንዳን፣ እንዲህ ቢገጥመኝ ምን ላድርግ እያሉ። «መጽሐፉን አንብብ» ይላሉ። «እርስዎ ግን ያኔ...» ሲሉ በሩን ይዘጉባቸዋል። አንዱን ልጅ በሩ ፊት ለፊት ቆሞ አግኝቼው «ለምን አይነግሩኝም? ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ማን አለ?» አለኝ። ጋሼ የሚያውቁትን ለመስጠት ፈሩ፤ ባይሰጡትም ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ይህን እሳቸውም ያውቁታል፤ እንቅልፍ የነሣቸውም እሱ ይመስለኛል።

አንድ መንገድ ብቻ ነበር የቀራቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትንሽ ቴምር በላስቲክ ይዘው በእግራቸው ወደ ካርቲየ ስድስት፣ ወደ ሮብሌ እናት ቤት ይሄዳሉ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል። «እንዴት ናቸው?» እላለሁ። «በሩን ከፈቱልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ አይጨምሩም። ይቅር ብለዋቸው ነው ብዬ አስብና ደስ ይለኝ ነበር።

ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲገቡ እየሄድኩ አያቸው ነበር። በመጨረሻ ካየኋቸው ቀናት በአንዱ፣ ሾርባ እያጎረስኳቸው ሳለ፣ ማንኪያውን በእጃቸው መለስ አድርገው «ያን ጊዜ በምን ዐወቅህ ብለው ሲጠይቁኝ ሰምተሻል አይደል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«አላወቅሁም ነበር። ገመትኩ። ሞተሩ በሚቀጥለው ትንፋሽ ሊቆም ይችል ነበር፤ ሊፈነዳም ይችል ነበር። ከሁለት ሞት አንዱን መረጥኩ፤ የመረጥኩት ሞት ሳይደርስ ቀረ። ሮብሌ አጠገቤ ነበር፤ ፊቴን አላየም እንጂ ቢያይ ይገባው ነበር። በኋላ ግን ዓርብ በመጣ ቁጥር ዐውቄ ነው አልኩት። ሰዉ ሲያጨበጭብ ደስ አለኝ። ልጁ ያመነው እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ ያኔም ቢሆን ሰዎቹን አድነዋል።»

«አድኛለሁ» አሉ። «እሱ ነው ክፋቱ።»

ሾርባውን ከዚያ በኋላ አልፈለጉም።

ቀብራቸው ላይ ካህኑን ሳይጨምር ጥቂት ሰው ነበርን። ከድርጅቱ የመጣ የለም። የአክስቴ ልጅ የማታውቃቸውን ሰው አብራኝ ቀበረች። በማግስቱ ለሮብሌ እናት ሳይነገራቸው መቅረቱ ነውር መስሎኝ ወደ ካርቲየ ስድስት ሄድኩ። ሐዋ ከቆርቆሮ አጥራቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጨርቅ ያጣጥፋሉ። በሶማልኛ ኮማንዳኑ ዐረፉ አልኳቸው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሻይ አስመጡልኝ።

«በየሳምንቱ ይመጣ ነበር» አሉ። «ይቅር ያልኩት ይመስልሻል?»

«ይመስለኝ ነበር እማማ።»

«አልመጣልኝም። አላህ ያውቃል፣ ሞክሬያለሁ። በሩን የምከፍትለት የልጄን ድምፅ መጨረሻ የሰማ እሱ ስለሆነ ነው። በመጣ ቁጥር ያንኑ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ልጄ ፈርቶ ነበር ወይ እለዋለሁ። አልፈራም ይለኛል። ቴምሩን አስቀምጦ ይሄዳል።»

ሻዩ ትኩስ ነበር፤ ብርጭቆውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩት።

«አንቺም እዚያው ነበርሽ አሉ።»

«ነበርኩ።»

«ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም እማማ» አልኳቸው።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ጨርቃቸውን አንሥተው ማጣጠፋቸውን ቀጠሉ።

«ኮማንዳኑም ይህን ሲነግረኝ ልክ እንዳንቺ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው» አሉኝ።